በአገልግሎት መማር በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች

በአገልግሎት መማር ተማሪዎች በአንድ ኮርስ የሚማሩትን ዕውቀት ለማኅበረሰብ በሚጠቅም ሥራ ላይ የሚያውሉበት፣ ከሥራውም ያገኙትን ልምድ ወደ ክፍል መልሰው የሚመረምሩበትና ለዚህም ውጤት የሚያገኙበት የማስተማር ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች «ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት»፣ «የመስክ ትምህርት» እና «የቡድን ሥልጠና» በሚሉ ስሞች የሚታወቁት ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ከዚህ ዘዴ ጋር ይገናኛሉ።

በኢትዮጵያ የዘዴው ታሪክ ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ይጀምራል። በአገሪቱ ከተሞከሩት መንገዶች መካከል ረጅም ዕድሜ ያገኙት አገልግሎቱን የሥርዓተ ትምህርቱ አካል ያደረጉ፣ የመምህሩን ጊዜና የመስኩን ወጪ አስቀድመው ያሰሉ ፕሮግራሞች ናቸው። በዘመቻ ወይም በአንድ ዓመት ፕሮጀክት መልክ የተጀመሩት ግን ዘመቻው ወይም በጀቱ ሲያበቃ አብረው አብቅተዋል። በዚህም ምክንያት መምህራን አገልግሎትን በኮርሳቸው ውስጥ እንዲያካትቱ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ የዘዴው ዋና ጥያቄ ሆኖ ይታያል።

ትርጉምና ልዩነት

«በአገልግሎት መማር» የሚለው ስያሜ በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሮበርት ሲግመንና በዊልያም ራምዚ ሥራዎች የተስፋፋ ነው። የሐሳቡ መሠረት ግን ከዚያ በፊት ከተግባር ስለ መማር ከጻፈው ፈላስፋ ከጆን ዲዊ ጋር ይያያዛል።

ዘዴው ከሚመስሉት ሌሎች ሥራዎች የሚለየው በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ አገልግሎቱ የኮርሱን ይዘት ይጠቀማል። ሁለተኛ፣ የሚሠራው ሥራ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚፈልገው ነው። ሦስተኛ፣ ተማሪው ስላየውና ስለሠራው ነገር በጽሑፍ ወይም በውይይት እንዲያስብ ይደረጋል፤ ምዘናውም በዚህ ላይ ይመሠረታል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ሥራው ሌላ ስም ይኖረዋል።

* የበጎ ፈቃድ ሥራ፦ ተማሪዎች ችግኝ ቢተክሉ ወይም ደም ቢለግሱ ማኅበረሰቡ ይጠቀማል፤ ከኮርስ ጋር ግን ግንኙነት የለውም።
* የሥራ ላይ ልምምድ፦ በዋናነት የሚጠቀመው ተማሪው ነው፤ የተቋሙ ወይም የአካባቢው ፍላጎት መነሻ ላይሆን ይችላል።
* የመስክ ምርምር፦ ዋና ዓላማው አዲስ ዕውቀት ማግኘት ነው፤ በውስጡ ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ላይኖር ይችላል።

በምርምርና በአገልግሎት መማር መካከል ያለውን ልዩነት በምሥራቅ ጎጃም ዞን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ያሳያል። የወረዳው ዋና ከተማ ጉንደ ወይን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዚህ ወረዳ በ72 ንዑስ ቀበሌዎች ስለ ትራኮማ መከላከያ ሰፊ ጥናት ተካሂዷል። ጥናቱን የሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካርተር ማዕከልና ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ያካሄዱት ሲሆን፣ ዓላማው አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለመላው ነዋሪ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ መስጠት የሚያመጣውን ውጤት ማወዳደር ነበር። በሁለቱም መንገድ በሕፃናት ላይ የነበረው የዓይን ልክፈት በመነሻው ከነበረበት 40 በመቶ ገደማ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ከ5 በመቶ በታች ወርዷል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ሥራው ለነዋሪው ጠቅሟል፣ ለዓለምም ዕውቀት ጨምሯል፤ ይሁን እንጂ የተቀረጸው ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ስላልነበር በአገልግሎት መማር አይባልም። በሌላ በኩል ለረጅም ዓመታት ተመላልሶ መሥራት የሚቻለው የመስኩ ወጪ ከመነሻው ሲመደብ መሆኑን ያሳያል።

ታሪክ

ዓለማያና ጎንደር

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1952 ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር ባደረገችው የ«ፖይንት ፎር» ስምምነት መሠረት የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒካል ኮሌጅ ባለሙያዎች (በአሁኑ ስሙ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ) የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ አደራጁ። ኮሌጁ ማስተማርን፣ ምርምርንና የእርሻ ኤክስቴንሽንን አንድ ላይ የያዘ ነበር። የአገሪቱ የእርሻ ኤክስቴንሽን አገልግሎት በኮሌጁ ሥር ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ይህ ዝውውር ገበሬውን የማገልገል ኃላፊነትና በጀት ከኮሌጁ እንዲወጣ ሲያደርግ ኮሌጁ በዋናነት በማስተማርና በምርምር ላይ ቀረ።

በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ቦታው እንዲመረጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በጤና ጣቢያዎች በቡድን ተመድበው በመሥራት ይማሩ ነበር። ይህ የቡድን ሥልጠና ዛሬም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ውስጥ አለ።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት

በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በደንቡ መሠረት አንድ ተማሪ ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል ነበረበት። ብዙዎቹ ሦስተኛ ዓመት ሲጨርሱ ወጥተው ካገለገሉ በኋላ ለመጨረሻው ዓመት ይመለሱ ነበር። አብዛኞቹ በጊዜው ከፍተኛ የመምህራን እጥረት በነበረባቸው ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ ከሙያቸው ጋር በተያያዘ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሠርተዋል።

በጊዜው በዩኒቨርሲቲው ያስተምር የነበረው ዴቪድ ኮርተን ከባለቤቱ ከፍራንሲስ ኮርተን ጋር ስለ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመ ጥናት ጽፏል። ፕሮግራሙ ብዙ የከተማ ወጣቶችን ከገጠሩ ኑሮ ጋር በማስተዋወቅና ትምህርት ቤቶችን በማገዝ ይታወሳል። ያዩት ድህነትና የመሬት ሥሪት በተማሪው እንቅስቃሴ ውስጥ ለተነሡ ጥያቄዎች አንዱ ምንጭ እንደሆነም ይነገራል። ነገር ግን አገልግሎቱ የዲግሪ ግዴታ እንጂ የኮርስ አካል አልነበረም። የታሪክ ወይም የንግድ ሥራ አስተዳደር ተማሪ እንግሊዝኛ ወይም ሒሳብ ሲያስተምር ቆይቶ ሲመለስ፣ ልምዱን በክፍል ውስጥ የሚመረምርበት የተወሰነ ቦታ አልነበረውም።

የዕድገት በኅብረት ዘመቻ

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ዩኒቨርሲቲውና የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍሎች ተዘግተው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ተጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ዘማቾቹ ማንበብና መጻፍ አስተምረዋል፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ አስረድተዋል፤ የገበሬ ማኅበራትንም አደራጅተዋል። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያበቃ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱ ቀድሞ በነበረው መልኩ አልቀጠለም። ዘመቻው በብዛቱ ከሁሉም የበለጠ ቢሆንም በመንግሥት ትእዛዝ የተመራና ከትምህርት ውጭ የተካሄደ ስለነበር በአገልግሎት መማር ከሚባለው ይልቅ ለብሔራዊ አገልግሎት ይቀርባል።

የጅማ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት

በአገሪቱ ዘዴውን በሙሉ ሥርዓተ ትምህርት ያዋቀረው እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነው። ኢንስቲትዩቱ ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ፍልስፍናው ለሌሎች የትምህርት ዘርፎችም ተዳርሷል። ፕሮግራሙ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት።

* ማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና፦ ተማሪዎች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ በየደረጃው ወደ አንድ አካባቢ ይወጣሉ። መረጃ ይሰበስባሉ፣ ችግሮችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፣ ከነዋሪው ጋር ዕቅድ ያወጣሉ፣ ይተገብራሉ፣ ውጤቱንም ይገመግማሉ።
* የቡድን ሥልጠና፦ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የሌሎች ሙያዎች ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ ለበርካታ ሳምንታት ይሠራሉ።
* የተማሪ ምርምር፦ እያንዳንዱ ተማሪ ከአካባቢው ችግር የመነጨ ጥናት ይሠራል።

እነዚህ ሥራዎች ስምና ክሬዲት ያላቸው፣ በመርሐ ግብር ላይ የሠፈሩና መምህር የተመደበላቸው ናቸው። ስለዚህ አንድ መምህር ቢለቅ ወይም አንድ ረጂ ቢወጣ ኮርሱ አይቀርም።

የሕግ ድጋፍ ማዕከላት

ከጤና ቀጥሎ ዘዴው በሰፊው የሚታየው በሕግ ትምህርት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የሕግ ሥርዓተ ትምህርት ሲሻሻል የመስክ ልምምድ በክሬዲት ተካቷል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሰዎች ነጻ አገልግሎት የሚሰጡ ማዕከላት ከፍተዋል። በማዕከላቱ ተማሪዎች በመምህራን ክትትል ባለጉዳይ ያነጋግራሉ፤ አቤቱታ ያዘጋጃሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመስማማት ማዕከላትን በገንዘብ ደግፏል። ይህም ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያለ የመንግሥት ተቋም ለመማርም ለማገልገልም የሚውል ገንዘብ የሰጠበት ምሳሌ ነው።

የሕግ መሠረት

የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች፣ ማለትም ቁጥር 351/1995፣ እሱን የተካው 650/2001 እና በሥራ ላይ ያለው 1152/2011፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተግባር አድርገው ይቆጥሩታል። በዚህ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለምርምርና ለማኅበረሰብ አገልግሎት ኃላፊነት ያለው ምክትል ፕሬዚዳንት ወይም ተመጣጣኝ ክፍል አላቸው። አዋጆቹ አገልግሎትን ግዴታ ቢያደርጉም፣ አገልግሎቱ በኮርስ ውስጥ ይሁን ወይስ ከኮርስ ውጭ የሚለውን በዋናነት የሚወስነው ተቋሙ ራሱ ነው።

የመምህራን የገንዘብ ድጋፍ

ወጪዎቹ

አንድን ኮርስ በአገልግሎት ወደሚማሩበት መልክ መለወጥ በአብዛኛው የሚከተሉትን ወጪዎች ያስከትላል።

* የመምህሩ ጊዜ፦ ከቀበሌና ከወረዳ ጋር መነጋገር፣ ኮርሱን እንደገና መንደፍና ተማሪዎችን በመስክ መከታተል ከተለመደው የማስተማር ጭነት በላይ ነው። ድጋፉ በገንዘብ ወይም ከሌላ ኮርስ ነጻ በማድረግ ሊሰጥ ይችላል።
* ጉዞና አበል፦ ተሽከርካሪ፣ ነዳጅ፣ ማደሪያና የውሎ አበል።
* ቁሳቁስ፦ እንደ ኮርሱ ዓይነት ከወረቀትና ከመመርመሪያ ዕቃ እስከ ኮምፒውተር።
* የማኅበረሰቡ ወገን ጊዜ፦ ተማሪዎችን የሚቀበሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የልማት ሠራተኞች፣ ርእሳነ መምህራንና ገበሬዎች የሚያጠፉት ጊዜ። ይህ ወጪ ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1985 የብራውን፣ የጆርጅታውንና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ያቋቋሙት «ካምፐስ ኮምፓክት» መምህራን ኮርሳቸውን እንደገና እንዲነድፉ ሥልጠናና አነስተኛ ድጎማ በመስጠት ይታወቃል። የፌዴራሉ መንግሥት ከ1990ው ሕግ የመነጨ «ለርን ኤንድ ሰርቭ አሜሪካ» የተባለ የድጎማ ፕሮግራም ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ኮንግረሱ በጀቱን በመሰረዙ ተቋርጧል።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ፣ በጄት የትምህርት አገልግሎት ድርጅት አስተባባሪነት የተጀመረ ፕሮግራም በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን የአገልግሎት ኮርሶችን እንዲነድፉ ደግፏል። ገንዘቡ የተሰጠው ክሬዲት ላለው ኮርስ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ማኅበረሰቡና አገልግሎት ሰጪው ተቋም በአጋርነት እንዲሠሩ ይጠበቅ ነበር። በኋላም የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ጥራት ኮሚቴ በአገልግሎት መማርን በኦዲት መስፈርቱ ውስጥ አካቷል። የውጭ ገንዘቡ ለመጀመር፣ የጥራት መስፈርቱ ደግሞ ለመቀጠል ጠቅሟል።

በኢትዮጵያ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዋና ገቢ የፌዴራል መንግሥት በጀት ነው። ለማኅበረሰብ አገልግሎት የሚመደበው ገንዘብ የተለመደው መንገድ የሚከተለው ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ጥሪ ያወጣል፤ መምህራን የፕሮጀክት ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ሐሳቡ ይገመገማል፤ የተመረጠው ገንዘብ ያገኛል። ይህ አሠራር ገንዘቡ ለታቀደለት ሥራ መዋሉን ለመቆጣጠር ያመቻል። በአገልግሎት ለመማር ግን ሁለት ችግሮች አሉት።

የመጀመሪያው ገንዘቡ ለፕሮጀክት እንጂ ለኮርስ አለመሰጠቱ ነው። ተማሪዎች ቢሳተፉም በረዳትነት ስለሆነ ውጤት አያገኙበትም። ሁለተኛው የጊዜ አለመጣጣም ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን የትምህርት ዘመኑ ግን በመስከረም ወይም በጥቅምት ይጀምራል። ሐሳብ ተገምግሞ ገንዘብ እስኪለቀቅ ሴሚስተሩ ሊያልፍ ይችላል፤ በሰኔ ደግሞ ሒሳብ ይዘጋል። ኮርስ ግን በየዓመቱ ይደገማል።

የመምህራን የማዕረግ እድገትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የማኅበረሰብ አገልግሎት በመስፈርቱ ቢካተትም ትልቁን ክብደት የሚይዘው የምርምር ኅትመት ነው። ስለዚህ ጊዜው የተወሰነ መምህር አገልግሎትን ከኮርሱ ጋር ከማዋሃድ ይልቅ ጽሑፍ ማሳተምን ቢመርጥ አያስገርምም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ተቋማት በገንዘባቸው ላይ የበለጠ ነጻነት የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል። በአዋጁ ማዕቀፍ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ተቋም ሆኗል። ነጻነቱ ለኮርስ የሚሆን ቋሚ የመስክ በጀት ለመያዝ ሊያመች ይችላል፤ በአንጻሩ ገቢ የማያስገኝ አገልግሎት ችላ እንዲባል ሊያደርግም ይችላል።

አሠራር በአንድ ኮርስ ውስጥ

የዘዴውን አካሄድ ለመረዳት በጉንደ ወይን አካባቢ ሊሰጥ የሚችል የመረጃ ቋት ኮርስን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ለዞኑ ቅርብ የሆነው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የመረጃ ቋትን አብዛኛውን ጊዜ የሚማሩት በምናባዊ የባንክ ወይም የቤተ መጻሕፍት ምሳሌ ነው። በምትኩ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በወረቀት የሚይዘውን የማዳበሪያና የምርጥ ዘር መዝገብ መነሻ ቢያደርጉ አካሄዱ የሚከተለውን ይመስላል።

1. ከሴሚስተሩ በፊት መምህሩ ከማኅበሩ ጋር ተነጋግሮ የሚፈለገውን ይለያል፤ መረጃውን ማን ማየት እንደሚችልም በጽሑፍ ይስማማሉ።
2. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪዎች መዝገቡን አይተው፣ ጸሐፊውን ጠይቀው የመረጃውን ንድፍ ይሠራሉ።
3. በመካከል ንድፉን ለማኅበሩ አሳይተው ያርማሉ። ኮምፒውተር ወይም የማያቋርጥ መብራት ከሌለ የተሻሻለ የወረቀት ቅጽ ትክክለኛው መልስ ሊሆን ይችላል።
4. በመጨረሻ ሥራውን ያስረክባሉ፣ ተጠቃሚውን ያሠለጥናሉ፣ ስለ ስህተታቸውም ይጽፋሉ።
5. የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች አዲስ ሥራ ከመጀመር ይልቅ የቀድሞውን ይጠግናሉ።

የመጨረሻው ነጥብ ወሳኝ ነው። ተማሪዎች ሠርተውት የሚሄዱት ሶፍትዌር የሚንከባከበው ሰው ካጣ ማኅበሩ ወደ ቀድሞ መዝገቡ ይመለሳል፤ በመካከል የገባው መረጃም ሊጠፋ ይችላል።

የመስክ ቀኖችን ሲመርጡ የገበሬውን የሥራ ወቅት ማወቅ ያስፈልጋል። በሐምሌ የጤፍ እርሻና ዘር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ፣ ከዚያም ውቂያ ስለሚኖር ሰው ጊዜ የለውም። በአንጻሩ በወር ውስጥ ገበሬው በሬ በማይጠምድባቸው የበዓል ቀናት ነዋሪውን ሰብስቦ መነጋገር ይቀላል። የዩኒቨርሲቲ መርሐ ግብር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ይህን ሳይመለከት ነው።

ትችቶችና ችግሮች

በዘዴው ላይ ከሚቀርቡ ትችቶች አንዱ ጥቅሙ ለተማሪው እንደሚያደላ ነው። ተማሪዎች በየዓመቱ አንድን ሰፈር ተመሳሳይ መጠይቅ ሲጠይቁ ነዋሪው ይሰላቻል፤ ውጤቱ ካልተነገረው ደግሞ ለሚቀጥለው ቡድን በሩን ላይከፍት ይችላል። የልምድ ማነስ የሚያመጣው ጉዳትም አለ። በሕክምናና በሕግ ስህተት ሰውን ስለሚጎዳ የመምህር ክትትል ግዴታ ነው፤ የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ግን ክትትሉ ይሳሳል።

ሌላው ትችት ርካሽ የሰው ኃይልን ይመለከታል። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ሆነ ዘመቻው የመምህርና የባለሙያ እጥረትን ለመሸፈን ተማሪን ተጠቅመዋል፤ ይህም ቋሚ ሠራተኛ የመቅጠርን ጥያቄ ሊያዘገይ ይችላል። ግዴታ የሆነ አገልግሎት የማገልገል ፍላጎትን ያሳድጋል ወይስ ያጠፋል የሚለውም አከራካሪ ነው።

የጸጥታ ሁኔታም ዘዴውን በቀጥታ ይነካል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዶችንና የትምህርት መርሐ ግብሮችን አስተጓጉሏል። ተማሪዎችን ወደ ገጠር መላክ ለሕይወታቸው አስጊ በሚሆንበት ጊዜ በአገልግሎት መማር ወደ ዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ይሰበሰባል። እንደ ጉንደ ወይን ያሉ ከዩኒቨርሲቲ ከተሞች የራቁ ወረዳዎችም ከሁሉም አስቀድመው የሚቋረጥባቸው ይሆናሉ።